ከገደሉ አፋፍ የተረፈው ውሻ

ሰውዬው በታርን ወንዝ ዳር፣ በሁለት ነጭ ድንጋዮች መካከል በጀርባው ተንጋሎ ነበር። የወደቀበት ገደል ከፍታው ስልሳ ሜትር ያህላል። ጃኬቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ የጫማው ክር ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። በቀኝ እጁ አንጓ ላይ ቀይ የውሻ ማሰሪያ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል።

«ይሄ እንኳን ቀላል ነው» አለ ፓስካል፣ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ፖሊስ። «እንግሊዛዊ ነው። ሮድኒ ፌንዊክ፣ ሰባ አንድ ዓመቱ። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውሻውን ይዞ ወደ አፋፉ ይወጣል። ዛሬ ውሻው ድንገት ዘሎ ጎተተው፤ አበቃ። አብረውት የሚጓዙት ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው።»

«መጀመሪያ ያለው ማን ነው?» አለች ሶላንዥ ካዛልስ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እንግሊዝኛዬን ታውቂው የለም?»

መርማሪ ሶላንዥ ታውቀዋለች። ሊድስ ከተማ ሦስት ዓመት ተምራ ስለተመለሰች፣ በሸለቆው ውስጥ እንግሊዛዊ በተጋጨ፣ በተሰረቀ ወይም በሞተ ቁጥር የምትጠራው እሷ ናት። ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የማሰሪያውን ጫፍ አነሳች። ከውሻ አንገት ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ትንሽ የብረት መቆለፊያ አለው። በሁለት እጇ ጎተተችው፤ ደግማ በኃይል መነጨቀችው። ንቅንቅ አላለም።

«ውሻው የት ነው?»

«ካምፑ ውስጥ። ደህና ነው፤ ብስኩት እየበላ ነው።»

«ደህና መሆኑ ነው ችግሩ። ይሄ ብረት በአውራ ጣት ካልተጫኑት አይከፈትም። አልተሰበረም፣ አልተጣመመም። ውሻው ጎትቶ ጥሎት ቢሆን ኖሮ አሁን ሁለት ሬሳ ነበር የምናነሳው።»

«ሰውዬው ራሱ ፈትቶ ለቆት ይሆናላ።»

«ከለቀቀው በምን ጎተተው?»

ፓስካል ቆቡን አውልቆ ሽቅብ ወደ ገደሉ አየ።

ካምፑ ከገደሉ ጀርባ ነው፤ ከካምፑ ወደ አፋፉ መቶ አሥር ደረጃ ይወጣል። ሁለት የመኝታ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ትልቁ የሟቹ ሲሆን ከኋላው የክንድ ስፋት ያለው ቢጫ ፕላስቲክ ተለጥፎበታል። ትንሹ የሟቹ የረጅም ጊዜ ጓደኛ የሆነው የትሬቨር አሽዎርዝ ነው። ከትንሹ በስተጀርባ የጋሬት፣ የሟቹ ልጅ፣ ድንኳን ተተክሏል። ሦስቱ ሰዎች ከሸራው ጥላ ሥር በአንዲት ተጣጣፊ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ አንዱም አንዱን አያይም። ውሻው ሞስ ከትሬቨር ወንበር ሥር ተኝቷል። አፉ ዙሪያ የሸበተ የበግ ጠባቂ ውሻ ነው። ሶላንዥን ሲያይ ሊነሳ ሞከረና የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት ተመልሶ ተኛ።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«አሥራ ሦስት» አለ ትሬቨር። «ደረጃውን ቀስ እያለ ይወጣዋል፤ መኪና ላይ ግን አቅፈን ነው የምናወጣው፣ ምስኪን።»

«ይህ ነው እንግዲህ ዘጠና ኪሎ የሚመዝን ሰው ጎትቶ ገደል የጣለው» አለች ሶላንዥ በልቧ።

«አንዳችሁ ሻይ አፍሉ እንጂ! እንግዳ ይመስል ተጎልታችሁ!» አለች ግሌኒስ፣ የሟቹ ሁለተኛ ሚስት።

«አንቺ አፍዪ። የሞተው ባልሽ ነው እንጂ እጅሽ አይደለም» አላት ጋሬት።

«ኧረ እባካችሁ! ፖሊስ ፊት!» ብሎ ትሬቨር ተነሳ። ሻዩን የቀዳው እሱ ነው። ሲቀዳ ጠቋሚ ጣቱን በኩባያው አፍ ውስጥ አስገብቶ ነበርና ሶላንዥ ኩባያውን ሳትቀምስ አስቀመጠችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሚስትየዋን ነበር፣ በትልቁ መኪና ውስጥ። ግሌኒስ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀኝ ጉልበቷ በብረት ድጋፍ ታስሯል።

«ባለቤትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ፈታኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሚጥለው ሰው ስላጣ እኛን መጣል ጀመረ። ያውልሽ።»

ከመሪው አጠገብ አንድ የወረቀት ጥራዝ በሲባጎ ተንጠልጥሏል። በየቀኑ፣ ለያንዳንዱ ሹፌር አንድ ገጽ አለ፤ የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል የሞላ።

«በየማታው እራት ላይ ያነብልናል። እገሌ ፍሬቻ አላሳየም፣ እገሌ መስተዋት አላየም። የራሱ ሁልጊዜ ዜሮ ስህተት ነው። እኔ ይህን የሚያህል መኪና መንዳት ስለማልችል ከፈተናው ነፃ ነበርኩ። በምትኩ ሾርባዬን ነበር የሚፈትነው።»

ሶላንዥ ገጾቹን ገለጠች። የሰኞው ላይ ስትደርስ ቆመች። የሮድኒ ገጽ አለ፤ የትሬቨርም አለ። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ገጽ ተቀዷል።

«የጋሬት ነዋ» አለች ግሌኒስ ቸኩላ። «ሰኞ ዕለት አርባ ደቂቃ ነድቶ አሥራ አንድ ስህተት አገኘ። ደሙ እስኪፈላ ድረስ አነበበበት። በዚያ ላይ ትናንት ማታ ‹ብትሞት ይሻለኝ ነበር› ብሎታል፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እዚህ ምን ታደርጊያለሽ የኔ ልጅ? እሱን ሂጂና ያዢው።»

«የትሬቨርንስ ሰኞ ማታ አንብበውት ነበር?»

ግሌኒስ አሰበች። «የትሬቨርን... አይ፣ ዘለለው። ‹ያንተን ለብቻችን› አለው። ጓደኛው አይደል? ያዳላለታል።»

«ዛሬ ጠዋት የቀሰቀሰዎት ማን ነው?»

«ትሬቨር። አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል መስኮቱን ደበደበ። ‹ሞስ ብቻውን መጣ፤ ሮድኒን ጎትቶ ጥሎት እንዳይሆን› አለኝ። እኔ በዚህ ጉልበት ያን ደረጃ አልወጣም። እዚህ ከመጣን አንድ ቀን አፋፉን አላየሁትም። ሰኔ ሃያ ስምንት እስክንመለስ ድረስ ፖርቱጋልንም ከመኪና መስኮት ነው የማየው ብዬ ነበር።»

ጋሬት ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ጠበቃት እንጂ ተቀመጪ አላላትም። ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እጅህን ምን ሆንክ?»

«ሞስ ነከሰኝ፣ እሑድ ዕለት። ይጠላኛል። አጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ካምፑን በጩኸት ነው የሚያቀልጠው። ከአባቴ የተማረው ይሆናል።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም፤ ይሄንኑ አይደል መስማት የምትፈልጊው?»

«ለአባትህ ብትሞት ይሻለኝ ነበር ብለሃል?»

«ብያለሁ። ዓርብ በባቡር ወደ ቤቴ እመለሳለሁ አልኩት። ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካርላይል ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለኝ፤ ልጄ ከማን ጋር ትኑር የሚለው የሚወሰንበት። ስድስት ዓመቷ ነው። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እኔም ለዳኛው ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ መኪና መምራት ያቃተው ልጅ ማሳደግ አይችልም ብዬ።› በአሥራ አንድ ስህተት ምክንያት!»

«ገጹን የቀደድከው ለዚያ ነው?»

«ምኑን ልቅደድ? እራት ላይ ሁለት ጊዜ ጮኾ አንብቦታል! ከጎረቤት ያሉት ሆላንዶች ሳይቀሩ በቃላቸው ይወጡታል።» አንድ እርምጃ ቀረባት። «ስሚኝ። ከፈለግሽ ማክሰኞ እሰሪኝ። ሰኞ እዚያ ካልቆምኩ ግን ልጄን ለእናቷና አብሯት ለሚኖረው ሰካራም ይሰጧታል። ከዚያ በኋላ ተሳስተን ነበር ብትይኝ ምንም አይፈይድልኝም።»

«ድምፅህን ቀንስ።»

«አልቀንስም።»

ሶላንዥ ወደ ትሬቨር ስታመራ ሰውዬው ከፖሊሱ መኪና ፊት ጎንበስ ብሎ የውሻውን ኳስ ሲያነሳ አየችው። እንደጎነበሰ ትንሽ ቆየ። የሁሉም ሰነድ ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ የመርከብ ትኬት፣ የካምፕ ደረሰኝ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ ሁሉም በየዓይነቱ ተለይቶ በአንድ ወፍራም ማኅደር ገብቷል። የጉዞው መርሐ ግብር ፕላስቲክ ለብሷል።

«መርማሪ፣ እንግዲህ ቀብሩ እንዳይጓተት ነገ ማታ ካሌ ወደብ ብንደርስ ይሻላል» አላት። ሲያነጋግራት ፊቷን ሳይሆን ጆሮዋን የሚያይ ይመስላል። «የሮድኒን መኪና እኔ እነዳዋለሁ። ግሌኒስ ያለ ሞስ ንቅንቅ አትልም፤ ግን ደግነቱ የሱም ወረቀት የተሟላ ነው።»

የውሻውን ሰነድ አውጥቶ ሰጣት። በመጨረሻው ገጽ ላይ የከተማው እንስሳት ሐኪም ማኅተም አለ፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትናንት ይዤው ለሽርሽር ስወጣ ጎራ ብዬ ነው። ኋላውን ሲልስ አየሁትና ትል ይኖርበታል ብዬ ኪኒን አስዋጥኩት። ሮድኒ ለእንስሳ ግድ የለውም፤ ለሰውም ቢሆን...» ብሎ አቋረጠው። «የሞተ ሰው አይታማም።»

ሶላንዥ ጥራዙን ዘረጋችለት። «ይህ የሰኞው ገጽዎ ነው። ‹ሃያ ሜትር፤ አላለፈም› ይላል እንጂ ሌላ ምንም የለበትም። ምን ማለት ነው?»

ትሬቨር ጥራዙን ተቀበላት። ወደ ፊቱ አስጠግቶ አራቀው፤ አንገቱን ወደ ጎን አዘነበለ።

«ይሄ... የእኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው። የተቀደደው የጋሬት ነው።»

«እህ። አዎ። ወደ ኋላ መንዳት ነው። ሃያ ሜትር ቀጥ ብዬ ወደ ኋላ መንዳት ነበረብኝ፤ ቁጥቋጦ ገጨሁ። ሮድኒን ታውቂው ቢሆን ትስቂ ነበር።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን ዐቃቤ ሕጉ ደወለ። ሶላንዥ ያላትን ነገረችው፤ የማሰሪያውን ብረት፣ ጠቡን፣ የተቀደደውን ገጽ።

«ልጁ ነው» አለ ዐቃቤ ሕጉ። «ዝቶበታል፣ ምስክር የለውም፣ ማስረጃ ቀዷል። ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የእስር ትእዛዙን እፈርማለሁ። ከዚያ ለምርመራ ቢያንስ አንድ ሳምንት እንይዘዋለን።»

«ሰኞ ፍርድ ቤት አለበት።»

«እዚህም ፍርድ ቤት አለ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሶላንዥ ለጋሬት አላዘነችም፤ ባለጌ ነው። ያናደዳት ሌላ ነገር ነው፤ ነገሩ አልገጠመም። ወደ ሆላንዶቹ ድንኳን ሄደች። ሴትየዋ ሕፃን ልጇ ጥርስ እያወጣ ስላስቸገራት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ውጭ ሆና ታባብለው ነበር።

«ውሻ ሲጮህ ሰምተሻል?»

«ዛሬ? ዛሬስ ትንፍሽ አላለም። ተመስገን ነው ያልኩት። ያ ወጣት ባለፈ ቁጥር እኮ ልጄን ይቀሰቅስብኛል።»

«ወደ ደረጃው የወጣ ሰውስ?»

«መታጠቢያ ቤቱ ይከልለኛል። አላየሁም።»

ከዚያ ሶላንዥ በእግሯ ከተማ ወርዳ የእንስሳት ሐኪሙን ከምሳው ላይ አስነሳችው። ሐኪሙ አፉን እየጠረገ አስረዳት፤ አራት ደቂቃም አልፈጀ። ስትመለስ ለፓስካል ደወለች።

«መኪናችንን ከካምፑ አውጣና ወደ ጣቢያ ውሰዳት። የባልደረባችንን የአርማንን መኪና አምጥተህ በነበረችበት ቦታ አቁምልኝ። ቀለሟም መልኳም አንድ ነው።»

«ምን ለማድረግ?»

«አምጣት አልኩህ እኮ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ከሸራው ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ግሌኒስ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታለች። ጋሬት ቆሟል። ትሬቨር ማኅደሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሞስን ጆሮው ሥር ይደባብሰዋል። ፓስካል ከመኪናው ጎን ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ሮድኒ ፌንዊክ አልወደቁም፤ ተገፍተው ነው» አለች ሶላንዥ። «ውሻው ታስሮ ሳለ ቢጎትታቸው አብሮ በወደቀ ነበር። ከመወርወራቸው በፊት አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ውሻውን ፈትቶታል። ለምን? ውሻው እንዳይሞት። ገዳዩ ለሰውዬው ባይራራም ለውሻው ራርቷል።»

«እንግዲያው እኔ አይደለሁማ» አለ ጋሬት። «እኔ እኮ አብሬ ነበር የምገፋው።»

«አንተ መፍታቱስ ይቅርና ልትጠጋው አትችልም። ብትወጣ ኖሮ ውሻው ካምፑን ያቀልጠው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን አንድም ጊዜ አልጮኸም። አብሮት የነበረው የሚወደው ሰው ነው።»

ግሌኒስ ቀና አለች። «ውሻው የእኔ ነው። የሚወደው እኔን ነው። ምን ለማለት ነው?»

«እርስዎ መቶ አሥር ደረጃ አይወጡም። ጉልበትዎን ያዩት ሐኪም የራጁን ፎቶ ልከውልኛል።»

የቀረው አንድ ሰው ነው። ትሬቨር ፈገግ አለ፤ ተማሪው የተሳሳተበት መምህር የሚያሳየውን ፈገግታ።

«መርማሪ፣ ገጹስ? ገጹን የቀደደው ጋሬት ነው።»

«ጋሬት ያን ገጽ የሚቀድበት ምክንያት የለውም። ሁለት ጊዜ በጩኸት የተነበበ ነገር ምን ይደበቃል? በዚያ ጥራዝ ውስጥ ያልተነበበ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ የእርስዎ። አንድ ሰው የራሱን ገጽ ሊወስድ መጥቶ የጎረቤቱን ቀደደ። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው የጽሑፉን ፊደል ማየት የማይችል ሰው ነው። ገጹን ሳሳይዎት ‹ይሄ የእኔ ነው?› ብለው የደነገጡት ለዚያ ነው። ቀድጄ ጥዬዋለሁ ብለው ነበር።»

«መነጽሬን ረስቼ...»

«ሻይ ሲቀዱ ጣትዎን ከኩባያው ውስጥ ይከታሉ፤ ሲሞላ እንዲያውቁት። ሲያነጋግሩኝ ጆሮዬን ነው የሚያዩት፤ የዓይንዎ መሐል ስለማያይ በዳሩ ያያሉ። ወይዘሮ ግሌኒስ፣ ያ ቢጫ ፕላስቲክ ከኋላችሁ የተለጠፈው ለምንድን ነው?»

«ትሬቨር ነው የለጠፈው» አለች ግሌኒስ ቀስ ብላ። «ከኋላ ስከተላችሁ እንዳልጠፋ ብሎ።»

«በእናንተ አገር መንጃ ፈቃድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈተኑት ምንድን ነው?»

የመለሰላት ጋሬት ነው። «ታርጋ ማንበብ። ሃያ ሜትር ላይ የቆመ መኪና ታርጋ ያነባሉ። ያላነበበ መኪናው ውስጥ እንኳ ሳይገባ ወደቀ።»

«ሃያ ሜትር፤ አላለፈም» አለች ሶላንዥ። «ሰኞ ዕለት ሮድኒ በእርምጃ ለክተው አቁመው ፈተኑዎት። የጻፉትን የጻፉት ለጨዋታ አልነበረም፤ አገር ቤት ሲገቡ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ሊያስታውቁ ነበር።»

«ተረት ነው» አለ ትሬቨር። «ዓይኔ ደህና ነው። ከፈለግሽ ፈትኚኝ።»

«ያችን የፖሊስ መኪና ያዩዋታል? ከዚህ ሃያ እርምጃ ነው። ቁጥሯን ያንብቡልኝ።»

ትሬቨር ማኅደሩን አስቀምጦ ተነሳ፤ ደረቱንም ነፋ። «አራት መቶ አሥራ ሰባት» አለ፤ ሳይደናቀፍ።

ጋሬት መኪናዋን አየ፣ ትሬቨርን አየ፣ እንደገና መኪናዋን አየ።

«ስምንት መቶ ስድስት ነው የሚለው» አለ ጋሬት። «ዘበት ነው እንዴ? ስምንት መቶ ስድስት እኮ ነው!»

«አራት መቶ አሥራ ሰባት የጠዋቷ መኪና ናት» አለች ሶላንዥ። «ኳስ ሲያነሱ ከአፍንጫዋ ሥር ሆነው ነው ያጠኗት። አሁን ጣቢያ ናት።»

ትሬቨር ተቀመጠ። ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ነው ያገኘው፤ ከእንግዲህ መደበቁን ትቶታል። ግን አልተሸነፈም።

«እሺ፣ አላይም። የማያይ ሰው ሁሉ ይገድላል? ጠዋት ተናዶ፣ ተሳስቶ፣ ማንም ሊሆን ይችላል። አስቤ አደረግኩት የሚያሰኝ ምን አለሽ?»

«ኪኒኑ አለኝ» አለች ሶላንዥ። «ዛሬ የከተማው ሐኪም እንደነገሩኝ ያ ኪኒን ለሚልስ ውሻ አይሰጥም። ወደ እንግሊዝ የሚገባ ውሻ የትል ኪኒኑን መዋጥ ያለበት ከመግባቱ ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ አምስት ቀን ካለፈው ግን ዋጋ የለውም፤ እንደገና ይውጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ሰዓቱን ሳይቀር ይጽፋል። እርስዎ ማክሰኞ አስዋጡት። የተሟላ የሚሆነው እስከ እሑድ ብቻ ነው። መርሐ ግብራችሁ ግን ምን ይላል? ፕላስቲክ ያለበሱት እርስዎ ነዎት።»

ግሌኒስ ማኅደሩን ከጠረጴዛው ላይ ነጥቃ መርሐ ግብሩን አወጣች። «ሰኔ ሃያ ስምንት» አለች። «ሰኔ ሃያ ስምንት ነው የምንመለሰው። ገና ሦስት ሳምንት አለን።»

«ማክሰኞ ጠዋት ሮድኒ ፌንዊክ በሕይወት ነበሩ፤ ጉዞውም ወደ ፖርቱጋል ነበር። በአምስት ቀን ውስጥ ሁላችሁም አገራችሁ እንደምትገቡ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

«ለጋሬት ነው!» አለ ትሬቨር። «ጋሬት ዓርብ ስለሚሄድ ሞስን ይዞልን እንዲገባ...»

«እኔን?» አለ ጋሬት እጁን እያነሳ። «ይሄንን እጅ የነከሰኝን ውሻ? እኔ በባቡር ነው የምሄደው፤ ባቡሩ ደግሞ ውሻ አያሳፍርም። ትኬቱን የቆረጥክልኝ አንተ ነህ፣ አንተ ውሸታም!»

ትሬቨር እጁን ወደ ወንበሩ ሥር ሰደደ። ሞስ መዳፉን ላሰው።

«ሐኪም ቤት ባላስገባው ኖሮ እዚህ ከፖሊስ ጋር ስንጠብቅ እንውል ነበር» አለ። «ነገሮች ሳይጠናቀቁ መነሳት አልወድም። መቼም አልወድም።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ከቤቴ እስከ ዳቦ መሸጫው አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡስ የለም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ያለኝ ያ መሪ ብቻ ነው። ለመንኩት። ሰኞም ዛሬም ለመንኩት። ዛሬ እንኳ አዎ ቢለኝ እመለስ ነበር። ምን አለኝ? ‹ፈተናው ተጠናቋል› አለኝ። ለተማሪ እንደሚለው። እየሳቀ።»

«አንተ ዓይነ ስውር!» አለች ግሌኒስ። «ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ከኋላችን ስትነዳ ኖርክ? ሕፃናት በሚሻገሩበት መንደር ሁሉ? ሮድኒ አውሬ ነበር። ስለ አንተ ግን ልክ ነበር። አየህ ምን እንዳደረግኸኝ፤ እሱን ልክ ነበር እንድል አደረግኸኝ።»

ፓስካል ትሬቨርን ይዞት ሲነሳ ሶላንዥ መንጃ ፈቃዱን ጠየቀችው። እጁን ለካቴናው ሳያንገራግር የሰጠው ሰው ያን ካርድ ከኪሱ እንዲያወጣ ግን ሦስት ጊዜ መጠየቅ ነበረባት። በመጨረሻ ራሷ ከጣቶቹ መሐል መነጨቀችው።

ለዐቃቤ ሕጉ የደወለችው አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ስትጨርስ ጋሬት ከፊቷ ቆሟል።

«ይቅርታ አትጠይቂኝም?»

«ልጠይቅህ እችላለሁ፤ ግን ጊዜህን ይበላል። እዚህ ፈርምና ሂድ።»

ፈረመ። ከዚያ ዘወር ሲል ግሌኒስ በብረት ድጋፏ እያነከሰች መጣች። የትልቁን መኪና ቁልፍ ዘረጋችለት።

«ንዳ። በባቡር ብትሄድ እኔ ሞስን ይዤ እዚህ ልበስብስ? ሬሳው እስከሚቀጥለው ሳምንት አይለቀቅም ብለውኛል፤ አይሸሽም፤ ተመልሼ እወስደዋለሁ።»

«አሥራ አንድ ስህተት ያለብኝ ሰው ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ሰምቻለሁ።» የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ የታሸገ ፖስታ አወጣች። አድራሻው በጉንዳን እግር ፊደል ለካርላይል ፍርድ ቤት የተጻፈ ነው። «ትናንት ጠዋት ፖስታ ቤት አስገቢልኝ ብሎ ሰጠኝ። ቴምብር አጣሁ አልኩት።»

ጋሬት ፖስታውን ተቀበላት። አላመሰገናትም። አልከፈተውምም፤ አራት ቦታ ቀዶ ቁርጥራጩን ኪሱ ከተተ።

«ለምን?»

«ልጅቷን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። የሠራሁትን ሾርባ ጠጥታ ድገሚኝ አለችኝ።» ግሌኒስ ወደ መኪናው በር ዞረች። «አሁን ውሻውን አቅፈህ አስገባልኝ። ቢነክስህም ዝም በል።»

ሞስ ነከሰው። ጋሬት ተሳደበ፣ ግን አስገባው። ሶላንዥ ሸራው ሲጠቀለል፣ በሮቹ ሲዘጉ ቆማ አየች። መኪናው ከካምፑ በር ወጥቶ አስፋልቱን እንደነካ በአገሩ ልማድ ግራውን ይዞ ተጠመዘዘ፤ ከፊት ለፊቱ ዳቦ የጫነ መኪና እየመጣ ነው። የግሌኒስ ጭንቅላት በመስኮት ብቅ አለ።

«በቀኝ!» ብላ ስትጮህ ሸለቆው አስተጋባው። «በቀኝ፣ አንተ ደንቆሮ! ሰኞ መድረስ አትፈልግም?»

መኪናው ወደ ቀኝ ታጠፈ።